«ነበር»ን ይዞ ፈረንሳይኛ መማር
በጅቡቲ ከተማ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



በዚህ ከተማ ፈረንሳይኛ ለመማር የተነሣ አማርኛ ተናጋሪ የመጀመሪያዎቹን ወራት በደኅና ይወጣቸዋል። ሰላምታው፣ ቁጥሩ፣ የዕቃው ስም፣ የትናንቱና የዛሬው ድርጊት በመጠኑም ቢሆን ይገቡታል። ከዚያ መጽሐፉ «ኮንዲሲዮኔል» የሚባለው ምዕራፍ ላይ ይደርስና ነገሩ ይከብዳል። አንዱ የግሱን ሠንጠረዥ በቃሉ ይዞ ለመናገር አፉን ሲከፍት አንዱም አይመጣለትም። ሌላው «ይህ የተማረ ሰው ንግግር ነው፤ ለእኔ ሥራ አያስፈልግም» ብሎ ይተወዋል። ዛሬ በፊታችሁ የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፤ ይህ የግስ አካሄድ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። አፋችንን ከፈታንበት ጊዜ ጀምሮ እንናገረዋለን፤ ስንጸጸት፣ ስንመኝ፣ ሰው ስናከብር ከአፋችን አይጠፋም። ትምህርቱ የሚከብደው አስተማሪው ከዚህ ሀብታችን መነሣት ሲገባው ከባዶ ሠንጠረዥ ስለሚነሣ ነው።

በመጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንግባባ። «ገንዘብ ቢኖረኝ ቤት እገዛ ነበር» ያለ ሰው ገንዘቡም የለውም፣ ቤቱንም አልገዛም። ያልሆነውን ነገር እንደሚሆን አድርጎ በሐሳቡ አቁሞ እየተናገረ ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ይህንኑ «ሲ ዣቬ ደ ላርዣን፣ ዣሼትሬ ዩን ሜዞን» ይለዋል። የስፓኒሽ ተናጋሪው ደግሞ «ሲ ቱቪዬራ ዲኔሮ፣ ኮምፕራሪያ ኡና ካሳ» ይላል። በሦስቱም ቋንቋዎች ዐረፍተ ነገሩ ሁለት ክንፍ አለው፤ አንደኛው ሁኔታውን ይጥላል፣ ሁለተኛው ሁኔታው ቢሟላ ይከተል የነበረውን ይናገራል። ኮንዲሲዮኔል የሚባለው የሁለተኛው ክንፍ ግስ ነው። እስከዚህ ድረስ ማንም አስተማሪ ይናገረዋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ያ ግስ ከምን ከምን እንደተሠራ ነው፤ የክርክሬም መሠረት እዚያ ላይ ነው።

የግዕዝ መምህራኖቻችን ግስ ሲያወርዱ ኃላፊ፣ ትንቢት፣ ዘንድ፣ ትእዛዝ እያሉ ነው። በዚህ አከፋፈል «እገዛ» ትንቢት ነው፤ «ነበር» ኃላፊ ነው። «እገዛ ነበር» ስንል ትንቢትን አንሥተን ከኃላፊ ጋር አጋባነው ማለት ነው፤ ገና ሊመጣ የነበረ ነገር ወደ ኋላ ተወስዶ ሳይፈጸም ቀረ። አሁን ፈረንሳይኛውን በሦስተኛ መደብ አስቀምጡት። «ኢል ፓርለራ» ይናገራል፣ የወደፊት ነው። «ኢል ፓርሌ» ይናገር ነበር፣ ያለፈና የቆየ ድርጊት ነው። «ኢል ፓርለሬ» ደግሞ ኮንዲሲዮኔሉ ነው። ከመጀመሪያው ‹ር›ን ወሰደ፣ ከሁለተኛው ‹ኤ›ን ወሰደ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ‹ሬ› ሆኑ። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ጋብቻው ከላቲኑ ፊደል ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ትንቢቱ ‹ር› ነው፤ ኃላፊው ‹ኤ› ነው። አማርኛ በሁለት ቃል የሚሠራውን ፈረንሳይኛ በአንድ ፊደል ይሠራዋል፤ ጥሬ ዕቃው ግን ያው ነው።

ይህ የአጋጣሚ መመሳሰል ይመስላቸው ለነበሩ ሰዎች የቋንቋዎቹ ታሪክ መልስ አለው። ከላቲን የወረዱት ቋንቋዎች ይህን ግስ ያበጁት ዋናውን ግስ ሳይረባ ወስደው፣ «ነበረኝ» የሚል ትርጉም ያለውን ረዳት ግስ ከኋላው በመቀጠል ነው። አንቶኒዮ ዴ ኔብሪሃ እ.ኤ.አ. በ1492 የመጀመሪያውን የስፓኒሽ ሰዋስው ሲያሳትም ይህ የግስ መልክ ከሁለት ክፍል የተገጠመ መሆኑን አይቶት ነበር። የፖርቱጋል ሰዎች በጽሑፋቸው እስከ ዛሬ ግሱን ለሁለት ከፍለው መካከሉ ላይ ተውላጠ ስም ያስገባሉ፤ «እሰጥህ ነበር» ለማለት «ዳር» ብለው፣ «ት» ብለው፣ በመጨረሻ «ኢያ» ይላሉ። መጋጠሚያው እስካሁን አልደረቀም ማለት ነው። ቬኔዝዌላ ተወልዶ ቺሊ የኖረው አንድሬስ ቤዮም እ.ኤ.አ. በ1847 ባሳተመው ሰዋስው ለዚህ ግስ «ፖስፕሬቴሪቶ» የሚል ስም አወጣለት፤ ከኃላፊ በኋላ የሚመጣ ማለት ነው። ቤዮ ስለ አማርኛ የጻፈው ነገር ባይኖርም፣ «ትንቢት በኃላፊ» ቢሉት ኖሮ ስሙ ይስማማው ነበር።

ምስክር ለመፈለግ ደግሞ እስከ ቺሊ መሄድ አያስፈልግም። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ሶማሊኛ የሚናገር ሰው ብትሰሙ «ዋን ሼጊ ላሃ» ሲል ታገኙታላችሁ፤ «እናገር ነበር» ማለቱ ነው። «ሼጊ» ያልረባው ግስ ነው፤ «ላሃ» ደግሞ «ነበረኝ» የሚለው ኃላፊ ነው። የሮማውያን ልጆችና የዚህ አገር ልጆች ሳይመካከሩ አንድ መንገድ ይዘዋል። አማርኛ ከእነርሱ የሚለየው የረባውን ግስ ይዞ፣ «ነበረኝ» በሚለው ፋንታ «ነበር»ን በመውሰዱ ነው። ስለዚህ ከመካከላችን በቤቱ ሶማሊኛ የሚናገር ካለ እርሱም ከራሱ ቋንቋ ይነሣ። የምናገረው ለአማርኛ ተናጋሪ ቢሆንም መንገዱ የሁሉም ነው።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም የሚታየው በጣም የታወቀውን ስሕተት ስናነሣ ነው። የፈረንሳይ ልጆች ራሳቸው «ሲ ዣቬ» ማለት ሲገባቸው «ሲ ዦሬ» ይላሉ፤ ኮንዲሲዮኔሉን በሁኔታው ክንፍ ላይ ይጨምሩታል። አስተማሪዎቻቸው «‹ሲ›ዎች ‹ሬ›ዎችን አይወዱም» የሚል አባባል ያስጠኗቸዋል። የእኛ ተማሪ ይህን አባባል እንደ ሌላ የባዕድ ሕግ በቃሉ ሊይዘው ይገደዳል፤ ግን አያስፈልገውም። በአማርኛ ‹ቢ› የሁኔታው ክንፍ ምልክት ነው፤ «ነበር» የውጤቱ ክንፍ ምልክት ነው። ያንኑ ሐሳብ «ገንዘብ ይኖረኝ ነበር፣ ቤት ብገዛ» ብሎ የሚናገር አማርኛ ተናጋሪ የለም። ‹ቢ› ባለበት ‹ሬ› የለም፤ «ነበር» ባለበት ‹ሬ› አለ። ይህን የያዘ ተማሪ ፈረንሳዩ ሕፃን የሚሳሳተውን አይሳሳትም። ‹ከ›ም ቦታ አላት። «ከመጣ እንነግረዋለን» ሲሆን የሚቻል ነገር ነውና «ሲል ቪየን፣ ኦን ሉዊ ዲራ» ይሆናል፤ «ቢመጣ እንነግረው ነበር» ሲሆን «ሲል ቨኔ፣ ኦን ሉዊ ዲሬ» ይሆናል። ከ‹ራ› ወደ ‹ሬ› የሚያሸጋግረን «ነበር» ነው።

አሁን ጠንከር ያለው ተቃውሞ ይመጣል። ሁለቱ ቋንቋዎች ልክ ለልክ አይገጥሙም፤ ተማሪውን በአማርኛ ብንመራው ወደ ገደል እንመራዋለን የሚል ነው። የተቃውሞው ግማሽ እውነት ስለሆነ በቁም ነገር ልመልስለት እወዳለሁ። «በልጅነቴ በየቀኑ ወደ ባሕር እሄድ ነበር» እንላለን። ይህ «እሄድ ነበር» ግን የተለመደ፣ በእርግጥ የተፈጸመ ድርጊት ነው። «ጊዜ ቢኖረኝ እሄድ ነበር» ስንል ደግሞ ያልተፈጸመ ነው። አማርኛ ለሁለቱም አንድ መልክ ይሰጣል፤ ፈረንሳይኛ ይለያቸዋል፤ የፊተኛው «ዣሌ» ሲሆን የኋለኛው «ዢሬ» ነው። የስፓኒሽ ተማሪም እንዲሁ ይቸገራል፤ «ኮሚያ» ይበላ ነበር፣ «ኮሜሪያ» ደግሞ ቢያገኝ ይበላ ነበር። አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳተው በብዛት እዚህ ላይ ነው፤ «ገንዘብ ቢኖረኝ» ካለ በኋላ «ዣሽቴ» ይልና ሰሚው የዱሮ ልማዱን የሚተርክ ይመስለዋል። ስሕተቱን ያመጣው አማርኛ ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን የስሕተቱን ምንጭ ማየት የሚችለውም አማርኛውን ከፊቱ ያስቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ሠንጠረዡ «ይህ ስሕተት ነው» ይላል፤ ከየት እንደመጣ አይናገርም። አማርኛውን ያየ አስተማሪ ግን «ይህ ‹ነበር› ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም?» ብሎ ይጠይቃል። ተፈጽሞ ከሆነ ‹ር› አትገባም፤ ካልተፈጸመ ትገባለች። ተማሪው በአማርኛ የማያደርገውን ልዩነት በፈረንሳይኛ እንዲያደርግ የሚረዳው ይህ አንድ ጥያቄ ነው።

በጊዜም በኩል ልዩነት አለ። «ገንዘብ ቢኖረኝ እገዛ ነበር» ያለው ሰው ስለ ዛሬ ይሁን ስለ ዓምና ከንግግሩ ብቻ አይለይም። ፈረንሳይኛ ግን ለዛሬው «ዣሼትሬ»፣ ላለፈውና ለተዘጋው «ዦሬ አሽቴ» የሚሉ ሁለት በሮች አሉት። ተቃዋሚው ይህን ድል አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። አማርኛ ግን «ኖሮ» የሚባል መሣሪያ እንዳለው ልናስታውሰው ይገባል። «መጥቶ ቢሆን ኖሮ በነገርነው ነበር» ስንል በሩ ተዘግቷል፤ መምጫው ጊዜ አልፏል። ፈረንሳይኛው «ሲል ኤቴ ቨኑ፣ ኦን ሉዊ ኦሬ ዲ» ነው። በጥንቃቄ የሚናገሩ ሽማግሌዎቻችን «ኖሮ»ንና «በነገርነው»ን በቦታቸው ያኖራሉ፤ የከተማው ችኩል አነጋገር ይጥላቸዋል። ስለዚህ አስተማሪው ተማሪውን አስቀድሞ «‹ኖሮ› ያስፈልገዋል ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ፈረንሳይኛውን ብቻ ሳይሆን አማርኛውንም ያቀናለታል። ይህን እንደ ትንሽ ጥቅም አላየውም። በስደት አገር የልጆቻችን አማርኛ እየሳሳ መሄዱ ለሚያሳስበን ሰዎች፣ ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ትምህርት ማጥራት ትልቅ ነገር ነው።

አማርኛ በእውነት የማይረዳበት ቦታም አለ፤ ልሸሽገው አልፈልግም። ሰው የተናገረውን ስናወራ እኛ ቃሉን እንዳለ እናነሣዋለን፤ «እመጣለሁ አለ» እንላለን። ፈረንሳይኛ ግን ተናጋሪውን ወደ ሦስተኛ መደብ ይመልስና ግሱን ወደ ኮንዲሲዮኔል ያዞረዋል፤ «ኢል አ ዲ ኪል ቪየንድሬ» ይላል። እዚህ ሁኔታ የለም፣ ምኞትም የለም፤ ከኃላፊው ላይ ቆሞ የሚታይ ወደፊት ብቻ ነው፤ ቤዮ ያንን ስም ሲያወጣ ያየው ይህን ነው። የእኛ ሰው «አለ»ን ተከትሎ «ዥ ቪየንድሬ» ሲል፣ ሰሚው የሚመጣው ተናጋሪው ራሱ ይመስለዋል። ይህን በአማርኛ ድልድይ መሻገር አይቻልም፤ ብቻውን ተነጥሎ፣ ብዙ ተደጋግሞ መለመድ አለበት። የክርክሬ ሌላ ጥቅም ይህ ነው፤ ድልድይ ባለበት በቶሎ ከተሻገርን፣ ጉልበታችንን ድልድይ ለሌለበት ቦታ እናተርፋለን።

በተለይ ለወደብ ከተማ ነዋሪ አደገኛ የሆነ አንድ አጠቃቀም አለ፤ ከሁሉም ይልቅ የምጨነቅበት እርሱ ነው። ፈረንሳይኛ የሚጽፉ ጋዜጠኞች ያላረጋገጡትን ወሬ በኮንዲሲዮኔል ያስቀምጡታል። «ለ ናቪር ኤ አሪቬ» ከተባለ መርከቡ ደርሷል። «ለ ናቪር ሰሬ አሪቬ» ከተባለ ግን «ደርሷል ተብሏል፤ እኔ አላረጋገጥሁም» ማለት ነው። ልዩነቱን የተሸከመችው አንዲት ቃል ናት። «ላ ናሲዮን» ጋዜጣን የሚያነብብ፣ የጅቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥንን የፈረንሳይኛ ዜና የሚከታተል ሰው ይህን ካልለየ፣ ወሬውን እውነት አድርጎ በስልክ ወደ አዲስ አበባና ወደ ድሬዳዋ ያደርሰዋል። የዕቃው መድረስ፣ የታሪፍ ለውጥ፣ የመንገድ መዘጋት እየተባለ ሰው ገንዘቡን በዚያ ላይ ይጥላል። በአማርኛ ይህን የምንሠራው በ«ተብሏል»ና በ«ሳይሆን አይቀርም» ነው። «ነበር» እዚህ አይገባም፤ ገብቶ ቢተረጎም «መርከቡ ይደርስ ነበር» ይሆንና «አልደረሰም» የሚል ፍጹም ሌላ ወሬ ይወጣል። ስለዚህ ይህን አጠቃቀም «ተብሏል» በሚለው ቃል አስሮ ማስተማር ይገባል፤ ሠንጠረዡ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዘመናዊ አስተማሪዎች የሚመጣ ነው። የውጭ ቋንቋ የሚማር ሰው በዚያው ቋንቋ ማሰብ አለበት፤ በልቡ እየተረጎመ ከሄደ ምላሱ አይፈታም ይላሉ። ምስክር ይሁናቸው ብዬ የራሳችንን ታሪክ ልጥራላቸው። ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተልከው በወጣቶች ደሴት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተምረዋል። ስፓኒሽን የተማሩት በአማርኛ ድልድይ አልነበረም፤ በውስጡ እየኖሩ ነው። የስፓኒሹ ኮንዲሲዮኔልም ለጀማሪ ቸር ነው፤ «አብላሪያ»፣ «ኮሜሪያ»፣ «ቢቢሪያ» እያለ ለሦስቱም የግስ ዓይነት አንድ መጨረሻ ይሰጣል፤ ከመስመር የሚወጡትም እንደ «ቴንድሪያ»ና «አሪያ» ያሉ ጥቂቶች ናቸው። እነዚያ ልጆች ግን ልጆች ነበሩ፤ ክፍሉም፣ ምግቡም፣ እርሻውም፣ ጨዋታውም ለዓመታት በስፓኒሽ ነበር። በጅቡቲ የሚሠራ አንድ ጎልማሳ ይህን ዕድል ከየት ያገኛል? እዚህ ፈረንሳይኛ የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው፤ ጎዳናው በሶማሊኛና በአፋርኛ ይናገራል፤ ገበያው ውስጥ አማርኛም ያስኬዳል። ሰውየው ቀኑን በሥራ አሳልፎ ማታ ደክሞት ነው ክፍል የሚገባው። ለእርሱ «አማርኛህን በር ላይ ጣል» ማለት ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ የተሳለውን መቀማት ነው። ምላሱ ከተፈታ በኋላ አማርኛው በራሱ ጊዜ ይርቃል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከተማሪዎቹ ከራሳቸው ይሰማል፤ ትራንዚተር፣ ሾፌር፣ የቤት ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ «ዥ ቮ» ማለት ከቻልን ይበቃናል የሚሉ ናቸው። አይበቃም። «ዥ ቮ» እፈልጋለሁ ነው፤ በፈረንሳይኛ ሰሚ ጆሮ ትእዛዝ ይመስላል። «ዥ ቩድሬ» ሲባል ግን ልመናው ይለሰልሳል፤ ሰውየውም ከተራ ጠያቂነት ወደ ጨዋ ተነጋጋሪነት ይወጣል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ጨዋነት ሊያስተምሩት አይገባም፤ ከቤቱ ይዞት መጥቷል። በዕድሜ ከሚበልጠው ሰው ፊት ቆሞ «እፈልጋለሁ» አይልም፤ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ፈልጌ ነበር» ይላል። እዚያው ቆሞ እየፈለገ ነገሩን ወደ ኃላፊ ያርቀዋል፤ እምቢ ቢባልም እንዳያሳፍር መንገድ ይተዋል። «ቢነግሩኝ» ብሎም ትእዛዙን በ‹ቢ› ይሸፍነዋል። ፈረንሳይኛም ስፓኒሽም ጨዋነታቸውን የሠሩት በዚሁ ብልሃት ነው። የቤት ሠራተኛዋ ስለ ደመወዟ ስትነጋገር፣ ሾፌሩ ስለ ቀረበት የቆይታ ክፍያ ሲያመለክት፣ ይህ ጨዋነት ከመብታቸው ጋር የተያያዘ ነው። ውል ላይ «ኦ ካ ኡ» የሚል ሐረግ ያነበበም ሰው ቀጥሎ የሚመጣው ግስ በኮንዲሲዮኔል መሆኑን ማወቅ አለበት፤ «እንዲህ የሆነ እንደሆነ» የሚለው የውሉ አንቀጽ ነውና፣ ዕቃ ሲዘገይ ወይም ሲበላሽ ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ የተጻፈው እዚያ ነው።

እንዲህ ያለውን ትምህርት ለመጀመር ሁለት መሠረቶች አሉን። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ መንገደኞች የአማርኛ መነጋገሪያ መጽሐፍ አሳትሟል። ማርሴል ኮሄን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ አማርኛ ሰፊ የሰዋስው መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ጽፏል። ሁለቱም የጻፉት ፈረንሳይኛ ለሚያነብብ ሰው ነው፤ አማርኛን በፈረንሳይኛ በኩል አስረድተዋል። የሚያስፈልገን መንገዱን ወደ እኛ ማዞር ነው፤ ለዚህ ከተማ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚሆን፣ ከ«ነበር» የሚነሣ ትንሽ መጽሐፍ። በመካከላችን በሁለቱም ቋንቋ የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ፤ ሥራው ከእነርሱ አቅም በላይ አይደለም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሠንጠረዥ አይኑረው። ተማሪው በየቀኑ ከሚናገራቸው መካከል «ነበር» ያለባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ጽፎ ይምጣ፤ ከዚያ ከአስተማሪው ጋር ሆኖ የተፈጸመውን በአንድ ወገን፣ ያልተፈጸመውን በሌላ ወገን፣ ጨዋነት የሆነውን በሦስተኛ ወገን ይለያቸው። ‹ሬ› የምትመጣው ይህ ከተለየ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ያልተፈጸመው ወገን ላይ፣ በ«ኢል»ና በ«ኤል»፣ የ‹ራ›ና የ‹ሬ› ልዩነት በጆሮ በግልጽ በሚሰማበት መደብ። የመጀመሪያው መደብ «ዥ» ይቆይ፤ እርሱ ላይ የወደፊቱና የኮንዲሲዮኔሉ ድምፅ እጅግ ስለሚቀራረብ፣ ፈረንሳዮቹም ብዙዎቹ በድምፅ አይለዩትምና፣ ጀማሪን ያደናግራል።